ግቢያችን የገባችው ኤሊ፦ ጥያቄና መልስ

ግንቦት ሲጋመስ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወዳጆቼ የኤሊ ፎቶግራፍ ይልኩልኛል። ኩሬ አጠገብ ስለምኖርና ከኤሊ ጋር ብዙ ጊዜ ስለማጠፋ ነው። የዘንድሮዎቹ ጥያቄዎች እነሆ፤ ከሚኒሶታም አንድ ተጨምሮበታል።

ጥያቄ፦ የምጣድ አክንባሎ የምታክል ጥቁር ኤሊ የአበባ መደባችንን ስትቆፍር አገኘናት። ታማ ይሆን? ውሃው ከዚህ ሩቅ ነው። (ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ምጥ ይዟት እንጂ አልታመመችም። ጅራቷ እንደ አዞ ጅራት ጥርስ ጥርስ ካለው፣ ስናፒንግ ተርትል የሚሏት ነካሿ ኤሊ ናት። ከኩሬ እምብዛም የማትወጣዋ እንስሳ እንቁላል ለመጣል ሲሆን ብዙ መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች። የምትፈልገው ፀሐይ የሚያገኘው ልል አፈር ነው፤ እርስዎ ደግሞ ለአበባው ብለው ኮትኩተው አቆዩላት። ራቅ ብለው ይመልከቷት። የኋላ እግሮቿን እያፈራረቀች ትቆፍራለች። እንቁላሉ ሲወርድ በዚያው እግሯ ወደ ጥግ ገፋ ታደርገዋለች፤ ዞር ብላ ግን አታይም። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ትጥላለች፤ ነጭና ድቡልቡል፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የመሰሉ ናቸው። አፈሩን መልሳ ትሄዳለች፤ ልጆቿን አታሳድግም።

ጥያቄ፦ ልጄ እንቁላሎቹን አውጥቶ ባልዲ ውስጥ ከተታቸው። እንደ ዶሮ እንቁላል እያገላበጥን እናሙቃቸው?

መልስ፦ በፍጹም አያገላብጡ! የዶሮ እንቁላል ካልተገላበጠ ይበላሻል፤ የኤሊ ግን ተቃራኒው ነው። ፅንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከላይኛው የቅርፊት ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ከዚያ በኋላ መገልበጥ ሊገድለው ይችላል። አሁን ባሉበት አኳኋን የላይኛውን ወገን በእርሳስ ምልክት ያድርጉና እዚያው ጉድጓድ ይመልሷቸው። የልጁንም እጅ በሳሙና ያሳጥቡ። ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይዛ ትገኛለች፤ አሜሪካም በ1975 እ.ኤ.አ. ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በማግስቱ ጉድጓዱ ተዝቆ፣ የተጠቀለለ ቅርፊት ብቻ ተበትኖ አገኘን። (አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ራኩን የሚሉት በሌሊት የሚዘርፍ አውሬ ነው፤ ካልሆነም ቀበሮ። ጎጆዎች በብዛት የሚዘረፉት በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ነው። ለሚመጣው ዓመት፣ የግዛቱን የዱር እንስሳት ቢሮ አስቀድመው ጠይቀው፣ የሽቦ መረብ ሣጥን ደፍተው በችንካር ያጽኑት። ጫጩቶቹ የሚሾልኩበት ቀዳዳ ከጎኑ መተው አይርሱ።

ጥያቄ፦ እስከ ጥቅምት ጠበቅን፤ አንድም አልወጣም። ቆፍረን እንይ? (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

መልስ፦ ተዉት። የነካሿ ጫጩቶች ብዙውን ጊዜ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ይወጣሉ። የላኩልኝ ፎቶግራፍ ግን አንገቷ ላይ ቢጫ መስመር፣ የቅርፊቷ ጠርዝ ላይ ቀይ ያላት የሌላዋ፣ የፔይንትድ ተርትል ነው። የእርሷ ጫጩቶች በመከር ተፈልፍለውም ብዙ ጊዜ ክረምቱን እዚያው አፈር ውስጥ ያሳልፋሉ። የሰውነታቸው ፈሳሽ ከዜሮ በታች ወርዶም ሳይረጋ መቆየት ይችላል። እኔን በካፖርት ውስጥ የሚያንቀጠቅጠኝን ብርድ ሳንቲም የምታክል ፍጥረት ትችለዋለች! በሚያዝያ ይጠብቋቸው።

ጥያቄ፦ ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በምን ነው?

መልስ፦ በአፈሩ ሙቀት። ፔይንትድ ተርትል ዘንድ ቀዝቀዝ ያለው ጎጆ ወንድ፣ ሞቃቱ ሴት ይሰጣል። ነካሿ ዘንድ መካከለኛው ሙቀት ወንድ ያበዛል፤ በጣም የቀዘቀዘውም በጣም የሞቀውም ሴት።

ጥያቄ፦ አስፋልት ላይ ብናገኛትስ?

መልስ፦ ለራስዎ የማያሰጋ ከሆነ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ያሻግሯት፤ ወደ ኋላ ከመለሷት እንደገና ትነሳለች። በጅራቷ አያንሷት፣ አከርካሪዋ ይጎዳል። ነካሿ ከሆነች የመኪና ምንጣፍ ላይ አውጥተው ይጎትቷት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስለ አበባ መደቧ ተቆጥታለች። ምን ልበላት? (ያው የሲልቨር ስፕሪንጉ)

መልስ፦ እስከ ጥቅምት አትኮትኩቱበት። ነካሿ ኤሊ ከዓመት ዓመት ወደዚያው ቦታ የመመለስ ልማድ ስላላት፣ አበባውን በሌላው ወገን ቢተክሉት ይሻላል።