ገበያው ሲቀዘቅዝ መሬት ሻጩ መንግስት በምን ይለካል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ታናሽ ወንድሜ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ነው የሚኖረው። ባለፈው ስንደዋወል እዚያ የመንግስት ድርጅት መሬት ሸንሽኖ፣ መንገድና ውሃ አስገብቶ እንደሚሸጥ ነገረኝ። የቤት ገበያው ደግሞ ለዓመታት ሞቶ እንደነበር አጫወተኝ። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ነገሩ ከነከነኝ። ቤት ገዢ በጠፋበት ዓመት እንዲህ ያለ ድርጅት ሪፖርቱ ላይ ምን ይጽፋል? ትርፉ ከወረደ ሰነፈ ነው የምንለው? (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ሂሳብ ሠራተኛ መሆንህ ጠቀመኝ፣ ግማሹን ከማስረዳት ተገላገልኩ።

ወንድምህ ያለበት የምዕራብ አውስትራሊያ ክልል ላንድኮርፕ የሚባል ድርጅት ነበረው። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። በ2019 ከሌላ የመንግስት ተቋም ጋር ተዋህዶ ዴቨሎፕመንት ደብሊው ኤ ተባለ። ገበያውን የገደለው ማዕድን ነው። የብረት ማዕድን ዋጋ በ2011 በቶን ከ180 የአሜሪካ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፣ በ2015 መጨረሻ ወደ 40 ገደማ ወረደ። አዳዲስ ማዕድን ማውጫዎችን የመገንባቱ ሥራም ሲያልቅ ለእሱ ብሎ የመጣው ሰው ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ክልል ሄደ። ከ2014 እስከ 2019 ፐርዝ ላይ የቤት ዋጋ 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እንደ ፖርት ሄድላንድና ካራታ ባሉት የማዕድን ከተሞች ደግሞ ከግማሽ በላይ ነው የወረደው።

እንግዲህ በዚህ መሀል መሬት ሻጭ ነህ እንበል። ትርፍ የምትለው ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። መሬቱ ከሃያ ዓመት በፊት በርካሽ የተያዘ ከሆነ ገበያው ወድቆም ታተርፋለህ፣ ያ ግን የዘንድሮ ጉብዝና አይደለም፣ ያኔ የገዛው ሰውዬ ብልጠት ነው። ሌላው፣ ሽያጭ የሚመዘገበው ውል ሲፈረም ሳይሆን ገዢው ከፍሎ ቦታውን ሲረከብ ነው። ስለዚህ የዘንድሮ ገቢ የአምና ውል ሊሆን ይችላል፤ ገበያው ሲሞት ሪፖርቱ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው የሚያለቅሰው።

ሦስተኛው አንተን ይበልጥ የሚገባህ ነው። የዘጌ ቡና ነጋዴን አስብ። ቡናውን በውድ ገዝቶ መጋዘን ከተተ፣ ከዚያ ዋጋው ወረደ። አንድ ኪሎ እንኳ አልሸጠም፣ ጆንያው እዚያው ተደርድሮ አለ። ግን መዝገቡ ላይ የገዛበትን ዋጋ ይዞ መቀጠል አይችልም። ከገዛበትና አሁን ሊሸጥበት ከሚችለው ዝቅተኛውን መጻፍ አለበት፣ ልዩነቱ ኪሳራ ነው። መሬትም እንደዚያው። ስለዚህ በቀዝቃዛ ዓመት ኪሳራ ያሳየ ድርጅት አንዳንዴ ከሁሉም ሐቀኛው ነው። እኔ ብሆን በክፉ ዓመት ምንም ያልነካውን ሪፖርት ነው የምጠረጥረው።

አሁን ወደ ዋናው። የግል አልሚ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሽንሸናውን ያቆምና ይጠብቃል፣ ማንም አይወቅሰውም። የመንግስቱ ግን እንዲህ ማድረግ አይችልም። አትራፊ የሚሸሻቸው ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ቦታ አዘጋጅ ይባላል፣ ሥራ አይቁም ይባላል፣ ያው ራሱ ለመንግስት ካዝና የትርፍ ድርሻ አስገባ ይባላል። ዋጋ ቀንሶ ቢሸጥ ደግሞ ባንክ ተበድሮ አምና የገዛው ጎረቤት ይጮኻል። እንዲህ ያለውን ድርጅት በትርፍ ብቻ መለካት አይገባም። አራት ነገር ጠይቅ፦ ስንት ቦታ አዘጋጀ፣ ስንቱን አስረከበ፣ ስንቱ እጁ ላይ ቀረ፣ እጁ ላይ የቀረውንስ ስንት ብሎ መዘገበው?

አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 ክልሉ አዲስ ቤት ለሚሠራ 20 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ሰጠ፣ የፌዴራሉ መንግስት ደግሞ 25 ሺህ። የመሬት ገበያው ወዲያው ነቃ። ከዚያ ግንበኛና ዕቃ ጠፋ፣ ቤቱ ሳያልቅ ቀኑ ተራዘመ። በዚያ ዓመት ብዙ ቦታ የሸጠ ሁሉ ጎበዝ ነበር ማለት አይደለም።

እኛ ጋ ነገሩ ይለያል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ መሬት የመንግስት ሆኗል። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ደግሞ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ አያንስም። ሻጩ ከተማው ራሱ ነው። ሪፖርት ሲቀርብ "ይህን ያህል ሄክታር ተላልፏል" ይባላል፣ አፈጻጸሙም እንደተለመደው ዘጠና ምናምን በመቶ ነው። እኔ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ዳር ዳሩን ዞር ዞር ብትል የማህበር ቦታ ላይ የድንጋይ መሠረት ወጥቶ፣ ብረቱ ዝጎ፣ መሀሉ ላይ በቆሎ ተዘርቶ ታያለህ። ሪፖርቱ ላይ ግን ያ ቦታ "ተላልፏል" ነው። በቆሎው በየትኛው ዓምድ ይመዝገብ? አንተ ሂሳብ ሠራተኛው ንገረኝ እስቲ።

ጥያቄ፦ አዲሱ የባሕር ዳር የአባይ ድልድይ ካለቀ ወዲህ ደላሎች በዚያ በኩል ቦታ ግዢ እያሉ አስቸገሩኝ። ልግዛ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እህቴ፣ ድልድዩ 380 ሜትር ነው፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ደላላውም ይህን ካንቺ በፊት ዋጋው ላይ ጨምሮታል። ካርታውን መጀመሪያ ከመሬት ቢሮ አጣሪ። የሊዝ ዕዳ ቀርቶበት እንደሆነም ጠይቂ፣ ዕዳው ከቦታው ጋር ወዳንቺ ነው የሚመጣው። ደግሞ በጥር ሄደሽ አትወስኚ፣ በጥር ሁሉም ቦታ ደረቅ ነው። በነሐሴ ቦቲሽን አጥልቀሽ ሂጂና ውሃው የት እንደሚተኛ እዪ።