«ልድገመው?» ለምትሉኝ ልጆቼ

ባለፈው ቅዳሜ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የተማረ ወጣት እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ቡና ከምጠጣበት ቤት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቡናው እስኪቀርብ እንኳ አልታገሠም። «ጋሼ፣ ጂማት 555 አመጣሁ። ልድገመው?» አለኝ። ጂማት (GMAT) የውጭ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ለማስተርስ የሚጠይቁት የመግቢያ ፈተና ነው። ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣ በየዓመቱ ስለማላጣ ለእሱ ያልኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። በ2001 ዓ.ም. ስፈተን 540 አገኘሁ። አፈርኩ። ለማንም ሳልናገር ከአንድ ወር በኋላ ሌላ 250 ዶላር ከፍዬ ተቀመጥኩ፤ 530 መጣ። በዚያ ወር ያደረግሁት ያንኑ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ብቻ ነበር። ገንዘቡን የላከልኝ ወንድሜ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። የሳትኩትን እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ ገጽ እየገለበጥኩ ከሥሩ ምክንያቱን ጻፍኩ፦ «ቀመሩን አላውቀውም»፣ «በጥድፊያ አነበብኩት»፣ «አራት ደቂቃ ፈጀሁበት»። ደብተሩ ሲጋመስ አብዛኛው ገጽ በሦስተኛው ምክንያት ተሞልቶ አገኘሁት። የጎደለኝ ሒሳብ አልነበረም፤ የያዝኩትን ጥያቄ መልቀቅ አልችልም ነበር። ከአራት ወር በኋላ 610 አመጣሁ። የኔታ ዘንድ ዳዊት የደገማችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሚያስመልሷችሁ የሳታችሁትን ቃል ነው።

ስለዚህ ልጁን «ቤትህ ሰዓት ይዘህ የሞከርካቸው ስንት ሰጡህ?» አልኩት። አዘጋጆቹ በነጻ የሚሰጧቸውን ሁለቱን የሙከራ ፈተናዎች ሠርቷል፤ 615 እና 605 ነበሩ። የዋናውን ፈተና ውጤት ክፍል በክፍል አየን። የሒሳቡ 79፣ የቋንቋው 80፣ ሠንጠረዥና ግራፍ የሚነበብበት ሦስተኛው ክፍል ግን 73። እዚያ ላይ ሰዓት አልቆበት የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልስ ቀርቷል። ያልተመለሰ ጥያቄ ውጤት ይቀንሳል። በዚያ ክፍል በ45 ደቂቃ 20 ጥያቄ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ላይ አምስት ደቂቃ የቆየ ሰው መጨረሻ ላይ ይከፍላል። ይህ ልጅ ይድገመው። ቤቱ ያመጣውን ነው ፈተናው ላይ ያጣው፤ ያጣበትንም ቦታ ያውቀዋል።

የሙከራውም የፈተናውም ውጤት 555 አካባቢ ቢሆን ኖሮ ግን «አሁን አትመዝገብ» እለው ነበር። ያ ያለው ዕውቀት ልክ ነው፤ ዕውቀቱ ሳይጨመር ቀኑን ብቻ መለወጥ የእኔን 530 መድገም ነው። ደንቡ ከ16 ቀን በኋላ መፈተን ይፈቅዳል፣ በ12 ወርም እስከ አምስት ጊዜ። እኔ ግን በ16 ቀን የተለወጠ የሰዓት አጠቃቀም አላየሁም። ሁለት ወር ስጡት። ለፈተናው ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ፣ ማደሪያው፣ ዶላሩ የቤተሰብ ገንዘብ ነው።

አንዲት ባንክ የምትሠራ ልጅ ደግሞ 645 ይዛ መጥታ «700 ካልሞላ ምን ዋጋ አለው?» ብላ አለቀሰችብኝ። ልጄ፣ 700 እኔ የተፈተንኩበት የአሮጌው መለኪያ ቁጥር ነው። አዲሱ ከ205 እስከ 805 ነው የሚቆጥረው፤ የእሷ 645 ከቀድሞው 700 ጋር ይቀራረባል። ልታመለክትባቸው ያሰበቻቸው ትምህርት ቤቶች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች አማካይ ውጤት ከፍተን አየነው፤ እሷ መሀሉ ላይ ናት። የማመልከቻ ጽሑፏ ግን ገና አልተጀመረም፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላትን አለቃዋንም አላናገረችም። እንዳትደግመው አጥብቄ ነገርኳት። በውጤት የሚታይ ነጻ የትምህርት ዕድል ፈልጋ ቢሆን ኖሮ ሌላ እናወራ ነበር፤ ለእኛ ልጆች ያ ትልቅ ነገር ነው።

ውጤታችሁ ዝቅ ቢል የሚያሳፍራችሁም አይኑር። በእኛ ጊዜ የአምስት ዓመት ውጤታችን ሁሉ አብሮ ይላክ ነበር፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ የሚያየው እናንተ መርጣችሁ የላካችሁትን ነው።

ልጁ እስካሁን አልተመዘገበም። ደብተር ገዝቷል፤ ቅዳሜ ይዞልኝ ይመጣል፣ የሦስተኛውን ክፍል ስህተቶቹን አብረን እናያለን።