ለአዲስ ነርሶች፦ ሳይገባችሁ «እሺ» አትበሉ

በሰው አገር ነርስ ሆናችሁ ሥራ ለጀመራችሁ፣ ወይም ፈተናውን አልፋችሁ ቅጥር ለምትጠብቁ ወገኖቼ የምለው አለኝ። በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከአገር ቤት የመጡ አዲስ ነርሶችንም አጠገቤ አድርጌ አለማምጃለሁ። ልጆቻችን በዕውቀት አያንሱም። በትጋትም አይታሙም። የሚፈተኑት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ያልገባቸውን ነገር «አልገባኝም» ማለት ይከብዳቸዋል።

ምክንያቱ ይገባኛል። ያደግነው ታላቅ ሲናገር አይቋረጥም እየተባልን ነው። መምህርን መሞገት ድፍረት ነበር። በዚያ ላይ አገሩ አዲስ፣ ቋንቋው አዲስ፣ «ይቺ ደግሞ እንዴት ነርስ ሆነች» እንዳይሉኝ የሚል ስጋት አለ። ስለዚህ ራስ ይነቀነቃል፣ «እሺ» ይባላል፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ቆሞ «ምን ነበር ያለኝ?» ይመጣል። የሚጎዳው ግን አልጋው ላይ የተኛው ሰው ነው።

በተለይ ሐኪም በስልክ በሚሰጠው ትእዛዝ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በእንግሊዝኛ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ ሲሰሙ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ እዚያው ተወልዶ ላደገውም ጭምር። 15 ሚሊግራም እና 50 ሚሊግራም ደግሞ በጣም ይራራቃሉ። «አንድ፣ አምስት ነው ወይስ አምስት፣ ዜሮ?» ብላችሁ ቁጥሩን ነጣጥላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ጻፉ፣ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡለት፣ «ትክክል ነው» ሲላችሁ ስልኩን ዝጉ። የመድኃኒቱ ስም ካልጠራላችሁ ፊደል በፊደል አስጠሩት። ሐኪሙ ቢቸኩልም፣ ቢበሳጭም ይህን ከማድረግ ወደኋላ አትበሉ። ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም መልሶ የሚያነብለትን ነርስ ያምናል።

ከሁሉ በላይ ግን ስትቸገሩ የማያችሁ በሌሊት ሐኪም መቀስቀስ ላይ ነው። በሽተኛው ደህና አይመስልም። ግፊቱ ያን ያህል አልወረደም፣ ትኩሳትም የለውም፤ ግን ልባችሁ አልተቀበለውም። «ለትንሽ ነገር ደወልሽ ቢለኝስ?» እያላችሁ አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል።

እንዲህ ሲሆን ትንፋሹን ቁጠሩ። ገምታችሁ አይደለም፣ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረቱን እያያችሁ ቁጠሩ። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ብዙ ሰው ሳይቆጥር 18 ብሎ ይሞላዋል፤ ይህን ልማድ አትልመዱት። ሰውነት መድከም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ከደም ግፊቱ በፊት የሚለወጠው ትንፋሽ ነው። በብሪታንያ ሆስፒታሎች የሚሠራበት «ኒውስ 2» የሚባለው የነጥብ መለኪያ ትንፋሹ 25 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በዚያ ብቻ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። ይህ ደግሞ በአስቸኳይ ይታይ ማለት ነው። እንግዲህ ቁጥሩን ከያዛችሁ የምትደውሉት በስጋት ብቻ አይደለም። በእጃችሁ ማስረጃ አለ።

ለአደዋወሉም መንገድ አለው። «ኤስባር» ይሉታል፤ መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው። አራት ነገር በተርታ ትናገራላችሁ፦ አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን መሰለኝ፣ ከአንተ ምን እፈልጋለሁ። በተግባር እንዲህ ይሆናል፦

«ዶክተር፣ የ12 ቁጥር ታካሚ ነርስ ነኝ። ትንፋሹ ከ18 ወደ 26 ወጥቷል፣ ኦክስጅኑ ከ96 ወደ 91 ወርዷል። ትናንት ሆዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፣ እስከ ማታ ደህና ነበር። ሳንባው ላይ ችግር እንዳለ እሰጋለሁ። አሁን መጥተህ እንድታየው እፈልጋለሁ።»

አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። እኛ ግን ስንናገር ከታሪኩ መጀመሪያ መነሳት እንወዳለን። በይቅርታ እንጀምራለን፣ ሰላምታ እናስረዝማለን፣ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። የተቀሰቀሰ ሐኪም እስከዚያ አይጠብቅም። ደግሞም አራተኛውን አትዝለሉት። ብዙዎቻችሁ ሦስቱን አሳምራችሁ ትናገሩና ጥያቄው ላይ ስትደርሱ ዝም ትላላችሁ፣ ሐኪሙ ራሱ እንዲገባው። «መጥተህ እየው» በሉ። አልመጣም ካለና ስጋታችሁ ካልለቀቃችሁ ለቻርጅ ነርሷ፣ ማለትም ለሺፍቱ ኃላፊ ነርስ፣ ንገሩ። የአስቸኳይ ቡድን ካለ እሱንም ጥሩት። ማንን በስንት ሰዓት እንደጠራችሁና ምን እንደተባላችሁ ቻርት ላይ አስፍሩ። ይህ ሰውን መክሰስ አይደለም። ሥራችሁ ነው።

ስለ መድኃኒት አንድ ሁለት ነገር ልበል። ኢንሱሊን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪንና በደም ሥር የሚሰጥ ፖታሲየም ከሌላው ይለያሉ። ትንሽ ስህተት ሰው ትገድላለች። ሁለተኛ ነርስ እንድታይላችሁ ስትጠሩ «ይኸው 10 ነው አይደል?» አትበሉ፤ ያን ጊዜ «አዎ» ከማለት ሌላ አታስብም። ሲሪንጁን ስጧትና «ስንት ታያለሽ?» ብላችሁ ራሷ ታንብበው። ስትጽፉ ደግሞ «ዩኒት» የሚለውን በአንድ ፊደል አታሳጥሩት። የእንግሊዝኛዋ «ዩ» በእጅ ጽሑፍ ዜሮ ትመስላለች፣ 10 ዩኒት የነበረው 100 ሆኖ ይነበባል። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚገመግመው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 የከለከላቸው አጻጻፎች ውስጥ ይህ አንዱ ነው። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ መጨመርም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ነጥቧ ካልታየች 1.0 የነበረው 10 ይሆናል። መድኃኒት ስታወጡ ሰው ቢጠራችሁ «ይህን ልጨርስ» በሉ። አይከፋውም፤ ቢከፋውም ያልፍለታል።

የሺፍት ርክክብ ከተቻለ አልጋው አጠገብ ይሁን። የምትረከቡት ወሬውን ብቻ አይደለም። መርፌው የገባበትን ቦታ እዩ፣ ፓምፑ ላይ ያለውን ቁጥር ከትእዛዙ ጋር አስተያዩ፣ ጀርባውን ገልጣችሁ ቁስል እንዳለ ተመልከቱ። የምትወጣው ነርስ ቦርሳዋን ይዛ እየተቁነጠነጠች ቢሆንም ጠይቋት። እሷ ከሄደች በኋላ ጥያቄው የሚቀረው ለእናንተ ነው።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት ነገር ረዳቶችን ማዘዝ ነው። ከረዳቶቹ አንዳንዶቹ በዕድሜ እናቶቻችሁ ይሆናሉ፤ የአገራችሁ ሰውም ሊሆኑ ይችላሉ። ማዘዝ ያሳፍራል። ስለዚህ ሁሉንም ራሳችሁ ትሠሩና መድኃኒቱ ይዘገያል፣ ቻርቱ ወደ ቤት መሄጃ ሰዓት ላይ ይከመራል። «አንቱ» እያሉም ሥራ ማከፋፈል ይቻላል። «እማማ፣ የ8 ቁጥርን ግፊት እስከ አራት ሰዓት ይለኩልኝ፣ ከ100 በታች ከሆነ ወዲያው ይንገሩኝ» ይበቃል። ምን፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ሲሆን እንደምትፈልጉ አጥርታችሁ ከነገራችኋቸው ቅር አይላቸውም። ቅር የሚያሰኛቸው ነርሷ ተቀምጣ ሲያዩ ነው። ስለዚህ አንሶላ በመቀየሩም በማገላበጡም አብራችሁ ግቡ።

ስለማገላበጥ ካነሳሁ፣ ጀርባችሁን አደራ። በሽተኛ ብቻውን አንስቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጀግንነት አይደለም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ በእጅ በሚደረግ ታካሚን የማንሳት ሥራ ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ 35 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 16 ኪሎ ነው። የአንድ አዋቂ እግር ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል። ማንሻው መሣሪያ ሩቅ ክፍል ቢሆንም ሄዳችሁ አምጡት።

መርፌ ከወጋችሁ ደግሞ ወዲያው በውኃና በሳሙና ታጠቡና በዚያው ሰዓት ሪፖርት አድርጉ። ሺፍቱ ይለቅ አትበሉ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። «ስሜ ይበላሻል» ብለው የደበቁ አይቻለሁ፤ በየሌሊቱ በጭንቀት ነው የኖሩት።

«የምትናገሪው አይገባኝም፣ ሌላ ነርስ አምጡልኝ» የሚል ታካሚ ያጋጥማችኋል። ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን መጀመሪያ ማን እንደሆነ ለዩት። ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ከሆነ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። አእምሮው የተወዛገበበት ከሆነ ንግግሩ ከሕመሙ ነው፣ ወደ ልባችሁ አታስገቡት። አውቆ የሚሰድባችሁ ከሆነ ግን አትዋጡት። «እንዲህ አትናገረኝ፣ ልረዳህ ነው የመጣሁት» ብላችሁ ውጡ፣ ለቻርጅ ነርሷ ንገሩ፣ ያለውን ቃል እንዳለ ጻፉት። መሰደብ ከደመወዛችሁ ጋር የተከፈላችሁ ነገር አይደለም።

ትርፍ ሺፍትን በተመለከተ የምናገረው ሳላዝንላችሁ አይደለም። አገር ቤት የሚጠብቅ አለ፤ የምትሠሩትም ለዚያ ነው። ሆኖም አስተዳዳሪዋ በደወለች ቁጥር «እሺ» የምትለዋን ሰው መጥራት ትለምዳለች። «ዛሬ አልችልም» ብቻውን ሙሉ መልስ ነው፣ ምክንያት አትደርድሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት 17 ሰዓት የነቃ ሰው የሥራ ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ አሳይቷል። ቀን ልጅ ስትጠብቁ ውላችሁ ሌሊት ሠርታችሁ ጠዋት መኪና ስትነዱ ከ17 ሰዓት በላይ ሄዳችኋል። ካዛጋችሁ ሃያ ደቂቃ መኪናው ውስጥ ተኙ፣ ወይም ሰው ያድርሳችሁ። ቤት ስትደርሱ መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ሸፍኑ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። አገር ቤት ያሉትም የመኝታችሁን ሰዓት ይወቁት። ካልነገራችኋቸው ከየት ያውቃሉ?

በመጨረሻ የአገር ልጅ ታካሚ ሆኖ ሲመጣ ምን ይደረግ? ደስ ይላል፤ እሱም ፊቱ ይፈካል። ጎረቤት ክፍል ያሉት ነርሶች «ነይና አስተርጉሚልን» ይሏችኋል። ውኃ ይፈልግ እንደሆነ፣ ብርድ ልብስ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁለት። የቀዶ ሕክምና ስምምነት ወይም የካንሰር ውጤት ሲሆን ግን «ሕጋዊ አስተርጓሚ ይጠራ» በሉ። በስልክም በቪዲዮም ይገኛል። አንዲት ቃል ብትሳሳቱ ኃላፊነቱ እናንተው ላይ ይወድቃል፤ የራሳችሁም በሽተኞች እየጠበቋችሁ ነው።

ከዚያ ዕሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወይም ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጃፍ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «እገሌ ሆስፒታል ገባ አሉ፣ እናንተ ጋ ነው እንዴ? ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ክፋት የለውም፣ ሊጠይቀው ፈልጎ ነው። መልሱ ግን «ስለ ታካሚ መናገር አልችልም፣ ቤተሰቡን ጠይቅ» ነው። «ደህና ነው፣ አታስብ» ማለት እንኳ ሆስፒታል መግባቱን ማረጋገጥ ነው፤ እሷም ትቅር። ለእናታችሁም፣ ለባልና ለሚስትም ያው ነው። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፣ ወሬው በአንድ ቀን ይዳረሳል፤ ፈቃዳችሁም በዚህ ሊወሰድ ይችላል። መጀመሪያ ሰዎች ይቀየማሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው ሲታመሙ «እሷ ያለችበት ክፍል አስተኙኝ» ይላሉ።