ቅኝቱ የሁላችን ነው፣ ግጥሙና ዜማው ግን ያንቺ ነው

የኮምቦልቻዋ እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በአምባሰል ቅኝት የሰራሽውን ዘፈን ሰውየው በራሱ ስም ዩቲዩብ ላይ ጭኖት ስትጠይቂው «አምባሰል የህዝብ ነው፣ ምን ያንቺ አለ» አለሽ፣ አንቺም ህገ መንግስቱ መብቴን ያስከብርልኛል ወይ ብለሻል። አዎ። እኔም ደሴ ሆኜ ለዘፋኞች ግጥም እሰጣለሁ፣ ይሄ ነገር በኔም ደርሷል።

ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ የግል ንብረት ሲል ቤትና መኪና ብቻ አይደለም፣ በመፍጠር ችሎታሽ ያፈራሽው በእጅ የማይዳሰስ ግን ዋጋ ያለው ነገርም ንብረትሽ ነው። አንቀጽ 29 ደግሞ በስነ ጥበብ ሀሳብን መግለጽን ይጠብቃል፣ ቅድመ ምርመራንም (ሳንሱርን) ይከለክላል። ለኔ ሁለቱ አይነጣጠሉም፣ ስራው ነገ እንደሚነጠቅ የሚያውቅ ልጅ ነጻነት አለህ ቢሉት ምን ብሎ ይጽፋል?

የቅኝቱ ነገር ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። ባቲ፣ አምባሰል፣ ትዝታ፣ አንቺሆዬ የማንም የግል አይደሉም፣ መሆንም የለባቸውም፣ አንድ ሰው ቢይዛቸው የወሎ ልጅ በምን ያንጎራጉራል! ድሮ እናቶቻችን ይሉት የነበረ ስንኝ ካስገባሽም እሱን የኔ አትበይ። በቅኝቱ ላይ ራስሽ ያወጣሽው ዜማና የጻፍሽው ግጥም ግን ያንቺ ነው፣ የሰውየው ክርክር እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው።

ዝርዝሩ የቅጂ መብት አዋጁ፣ አዋጅ 410/1996 ላይ አለ፣ በ2007 በአዋጅ 872 ተሻሽሏል። ስራው ከተጻፈ ወይ ከተቀዳ ጀምሮ ጥበቃ አለው፣ አላስመዘገብሽም ቢልሽ አትደንግጪ፣ ምዝገባ ለማስረጃ ነው የሚጠቅመው። የገንዘብ ጥቅሙ እድሜሽን ሙሉ ከዛም 50 አመት ለወራሾችሽ ነው። መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ ደግሞ በጽሁፍ መሆን አለበት፣ «በቃል ሰጥታኛለች» አይሰራም።

እኔ ጋ የሆነው፣ አንድ ስቱዲዮ ግጥሜን ወስዶ ስሜን ሳይጠቅስ አወጣው። ያዳነኝ ግጥሙን ከመስጠቴ በፊት ለጓደኛዬ በቴሌግራም እያነበብኩ የላክሁት ድምፅ ነው፣ ቀኑ አለበት፣ ሽማግሌዎች ፊት ከፍቼ አሰማሁት ከዛ ክርክሩ አለቀ፣ ስሜም ገባ ተከፈለኝም። ሽምግልና ካልያዘልሽ ፍርድ ቤት አለ፣ ዩቲዩብም ራሱ የቅጂ መብት አቤቱታ ይቀበላል።

ፌስቡክ ላይ ሰውየውን መሳደብ ግን ይቅርብሽ፣ ነገሩ ዞሮ ባንቺ ላይ ክስ ይሆናል። አሁን የቪዲዮውን ሊንክና የተጫነበትን ቀን ስክሪንሾት አድርጊ፣ መጀመሪያ የቀዳሽበትን ፋይል ሌላ ቦታም አስቀምጪ፣ ስልክሽንም ይሄ ጉዳይ ሳያልቅ ፎርማት እንዳታደርጊው።