የጓሮ አትክልት ጥያቄና መልስ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ሥልጠና ወስደን ጎረቤቶቻችንን በነፃ የምናማክር የጓሮ አትክልት በጎ ፈቃደኞች ነን። ሰሞኑን የመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። የጠያቂዎቹን ስም ትቼ ሰፈራቸውን ብቻ ይዣለሁ።

ከሰኞ ገበያ፦ ደመወዝ የላችሁም። ታዲያ ምን አግኝታችሁ ነው?

ሥልጠናውን አግኝተን ነዋ! ስለ አፈር፣ ስለ ችግኝና ስለ ተባይ እንማራለን። ዋጋውን የምንከፍለው በብር ሳይሆን ሰው በማገልገል ነው። ይሄ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ነው። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የግብርና ባለሙያዎች የከተማው ሰው ስለ ጓሮው የሚጠይቀው በዛባቸው። ስለዚህ ፈቃደኛ ነዋሪዎችን አሠልጥነው ጥያቄውን ለእነሱ ሰጡ። እኛም ጋ ያው ነው። የግብርና ባለሙያው መዋል ያለበት ገበሬው ዘንድ ነው፤ ለእኔና ለአንተ ሁለት መደብ ጎመን ከየት ጊዜ ያመጣል? ደቦና ወንፈል ለለመደ ደግሞ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ከቧንቧ ውሃ፦ መጥታችሁ ትቆፍሩልናላችሁ?

አንቆፍርም። አጠገብዎ ቆመን እናሳያለን፤ ዶማው የእርስዎ ነው።

ከሆጤ፦ ቲማቲሜ አምሮበት ቆይቶ ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ጠቆረ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ በዚያው ዘር እየለቀመች ነው። ጥፋቱ የኔ ነው?

ያንቺም የዘሩም አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሙቀቱ ግን በአማካይ 4 ዲግሪ ያህል ይለያያል። ለቲማቲም ይሄ የሞት የሽረት ነው።

በመጀመሪያ ግን ውርጭ መሆኑን እንለይ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት ተክሉ በሙሉ ከጠቆረ ውርጭ ነው። ቡናማ ነጠብጣብ ጀምሮት በዝናብና በጉም ቀናት እየሰፋ ከሄደ ግን ዋግ ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ተዳፋት ላይ የተረፈ ተክል ጎድጓዳው ቦታ ላይ ይቃጠላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ጎድጓዳው ላይ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ስርና ነጭ ሽንኩርት አድርጊበት። እነሱ ቀላል ብርድ ይችላሉ። ቲማቲሙን ችግኝ ቤት ውስጥ አፍልተሽ፣ ብርዱ ሲሰበር ከበልጉ ዝናብ ጋር አውጪው። አሁን ያለውን ማዳን ከፈለግሽ ቀን ላይ አፈሩን አጠጪ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኚው፤ ቅጠሉን ግን እንዳይነካ በእንጨት ደግፊው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግለጪው። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳና ተክሉን በቀን ያፍነዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ከፍሬ ያበቀልኩት አቮካዶ ዛፍ አከለ፤ አላፈራም። ልቁረጠው?

አይቁረጡት። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ ቢያፈራም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለ፣ ማለትም ከጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ የተጣበቀበት ችግኝ በ3 ወይም በ4 ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ያለዎትን ዛፍ አሳጥሮ ከጥሩ ዛፍ የተወሰደ ቅርንጫፍ ማዳቀል ይቻላል። የሚያውቅ እጅ ግን ይፈልጋል።

ከአራዳ፦ ጎመኔ ቅጠሉ ተጠቅልሎ አመድ የመሰለ ነገር ወርሶታል። መድኃኒት ገዝቼ ልርጭ?

ቆይ! ቅጠሉን ገልብጠህ እይ። ደቃቅ ግራጫ ነፍሳት ተደራርበው ካየህ ክሽክሽ ነው። በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ቆርጠህ አርቅ። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠህ፣ በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ሞክር። በማግስቱ ካልተጎዱ ሌላውን ከቅጠሉ ሥር ጭምር እርጨው፤ ፀሐይ ሲበርድ። የዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካየህ አትንካት። ክሽክሽ በላተኛ ናት፤ ደመወዝም አትጠይቅም።

ገበያ ውስጥ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠው መድኃኒት ግን በጣም ያናድደኛል። ስሙ አልተጻፈበት፣ መጠኑ አልተጻፈበት። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ጠብቀህ እንደምትበላም አታውቅም። ልጅ ውሃ መስሎት ቢጠጣውስ? የተባዩን ማንነት ሳይለዩ መርጨት በሽታውን ሳያውቁ ኪኒን መዋጥ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ በቦርከና ወንዝ ሰላጣ ባጠጣ?

ተው። የሁለት ከተማ ፍሳሽ የሚቀበል ወንዝ ነው። ጥሬ ለሚበላ ነገር የቧንቧ ወይም የዝናብ ውሃ ይሁን።

ከሰላም በር፦ ኮምፖስቴ ይሸታል፤ ጎረቤት ተቆጣኝ።

ጎረቤትህ ልክ ነው። የሚሸተው አየር አጥቶ ነው፤ ውሃና የወጥ ቤት ትርፍራፊ በዝቶበታል። ገልብጠውና ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ በብዛት ጨምርበት። ከዚያ አንድ እፍኝ ጨብጠህ ጭመቅ፤ ጥቂት ጠብታ ከወጣው በቂ ነው፣ ውሃው ከፈሰሰ አሁንም በዝቷል። ሥጋና ቅባት አትጣልበት፣ ውሻና አይጥ ይጠራብሃል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አታብዛ፣ ቶሎ አይበሰብስም። የቡና አተላ ግን እሰየው! ወሎ ቤት ደግሞ አተላ ጠፍቶ አያውቅም። የደሴ ብርድ መበስበሱን ስለሚያዘገየው ከኮምቦልቻ ሰው ጋር አትፎካከር።

ከፒያሳ፦ ተከራይ ነኝ፤ መሬት የለኝም።

የተቆረጠ ጀሪካን፣ ያረጀ ባልዲ፣ ጆንያ ይበቃሻል። የዕቃውን ታች ብሺው፤ ውሃ ከተኛበት የተክሉ ሥር ይበሰብሳል። ቆስጣ፣ ሰላጣና ጤና አዳም ይሆኑልሻል። በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝበትን ቦታ ፈልጊ። ቤት ስትቀይሪም ይዘሽው ትሄጃለሽ፤ አከራይ አይከለክልሽም።

ከሮቢት፦ ጥያቄ ሲኖረን ምን ይዘን እንምጣ?

የታመመውን ቅጠል ከነቅርንጫፉ በፌስታል አምጡ፤ ያልታመመም አንድ ጨምሩ። ፎቶ ከሆነ ከላይም ከሥርም አንሱት። ምን ያህል እንደምታጠጡና ከዚህ በፊት ምን እንደረጫችሁ ሳትደብቁ ንገሩን። ወዲያው ካላወቅነው የሚያውቅ ጠይቀን እንመልሳለን፤ እስከዚያ ግን ምንም አትርጩ።