ጀርመንኛ ከመማሪያ ክፍል ውጭ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከመረጥናቸው ደብዳቤዎች አራቱ የተጻፉት ጀርመንኛ በሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የብዙዎች ጥያቄ በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ጀርመንኛም በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ እማራለሁ። የፈተና ውጤቴ መልካም ነው፤ የስሞችን ጾታም ሆነ የግሶችን እርባታ በደንብ አጥንቻለሁ። ነገር ግን አንድ ጀርመናዊ እንግዳ መምህር ወደ ክፍላችን መጥቶ ሲያናግረኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳልጨርስ ዝም አልኩ። ቋንቋውን ለሚማሩ ተማሪዎች ወደ ጀርመን ሄዶ የመማር ዕድል እንዳለ እሰማለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድመን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም የሆነው ጎተ ኢንስቲትዩት አንድ ተማሪ ቢ1 ለሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ችሎታ ደረጃ ለመብቃት፣ እንደ ቀደምት ዕውቀቱ፣ ከ350 እስከ 650 የሚደርሱ ባለ 45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች እንደሚያስፈልጉት ይገምታል። በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ የሚማር ሰው፣ ዓመቱ 30 የትምህርት ሳምንታት አሉት ብንል፣ በዓመት 120፣ በሁለት ዓመት ደግሞ 240 ክፍለ ጊዜ ያገኛል። ይህ ከዝቅተኛው ግምት እንኳ በ110 ክፍለ ጊዜ ያንሳል። በዚያ ላይ 25 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል፣ መምህሩ አንድም ቃል ሳይናገር ጊዜውን ሁሉ ለተማሪዎቹ እኩል ቢያካፍል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የመናገሪያ ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እንግዳው መምህር ፊት ዝም ያሰኘዎት ይህ የሰዓት ጉድለት ስለሆነ በራስዎ ችሎታ ላይ አይፍረዱ። ጉድለቱ የሚሞላው ግን ከክፍል ውጭ ነው፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ መጀመር ያለብዎትም እዚያው ነው።

ለመናገር ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ፣ በእኔ እምነት፣ ጀርመኖች ታንደም የሚሉት ልምምድ ነው። ስሙ ሁለት ሰው አብሮ ከሚነዳው ብስክሌት የተወሰደ ሲሆን፣ አሠራሩም አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚፈልግ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ጊዜያቸውን እኩል መካፈላቸው ነው፤ ግማሽ ሰዓት በጀርመንኛ፣ ግማሽ ሰዓት በአማርኛ። ብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የቋንቋ ማዕከሎቻቸው ተማሪዎችን በዚህ መልክ ያገናኛሉ፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚካሄድም አለ። የታንደም ጓደኛዎ አማርኛን ከምር የሚማር ከሆነ ደግሞ እጅግ መልካም ነው፤ ለምሳሌ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረ ትምህርት ነው። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ብትስማሙ ይበጃል፤ አንደኛው ሰዓቱ ሲደርስ ቋንቋውን ያለ ማመንታት መቀየር፣ ሁለተኛው ደግሞ በንግግር መካከል አለማረም ነው። ስሕተቱ በወረቀት ላይ ይያዝና መጨረሻ ላይ ዋና ዋናዎቹ ሦስቱ ብቻ ይነገሩ፤ ሃያ ስሕተት በአንድ ጊዜ የተነገረው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም።

አንዲት ተማሪ ከታንደም ጓደኛዋ ጋር በኮምፒውተር ስትነጋገር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለነበር «በረደኝ» ልትል ፈልጋ «ኢኽ ቢን ካልት» አለች። ጓደኛዋ ዝም ብሎ ጻፈው፤ መጨረሻ ላይም ይህ አባባል ስለ ሰውዬው ጠባይ የሚናገር፣ ልበ ደንዳና ነኝ እንደ ማለት የሚሰማ መሆኑን፣ ጀርመኖች ግን «ሚር ኢስት ካልት» እንደሚሉ አስረዳት። እርሷም ወረቀቱን ጥቂት ስታየው ቆይታ «ይህማ የእኛው በረደኝ ነው!» አለች። ልክ ነበረች። በአማርኛ ብርዱ በሰውየው ላይ ይመጣበታል እንጂ ሰውየው ራሱ «ብርድ» አይሆንም፤ ጀርመንኛም እንዲሁ ነው። «ዳስ ቡኽ ገፌልት ሚር» ሲሉም መጽሐፉ ደስ የሚያሰኝ፣ ተናጋሪው ደግሞ ደስ የሚለው ነው፤ «መጽሐፉ ደስ ይለኛል» እንደምንለው ማለት ነው። ብዙ ተማሪዎች ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረው ስለሚሄዱበት የራሳቸው ቋንቋ የሚያቀርብላቸውን አቋራጭ ያልፉታል። ከእንግሊዝኛ የመጣ ተማሪ ግራ የሚጋባበት ሌላም ነገር አለ፤ በጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። «ቫይል ኢኽ ሆይተ ካይነ ጻይት ሃበ» የሚለው «ዛሬ ጊዜ ስለሌለኝ» ነው፤ ግሱን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ለአማርኛ ተናጋሪ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ነገር ነው።

ታንደም ካላገኙ፣ ወይም አግኝተውም ቢሆን፣ ከክፍል ጓደኞችዎ ጋር ሽታምቲሽ ያቋቁሙ። ቃሉ ደንበኞች በቋሚነት የሚሰባሰቡበትን ጠረጴዛ የሚያመለክት ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ጀርመንኛ ብቻ የሚነገርበት ስብሰባ መጠሪያ ሆኗል። መምህር አያስፈልገውም፤ ቢያንስ በየሳምንቱ አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ሰው ይመጣል፣ ከወር በኋላ አራት ወይም አምስት ይቀራሉ፤ በዚህ ተስፋ አትቁረጡ፣ አራት ሰው ለአንድ ሰዓት ንግግር ከሃያ ሰው ይሻላል። ወሬ እንዳይጠፋ አንዱ አጭር ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ይዞ ይምጣ። አንድ ምሽት ለትርጉም ብትሰጡም ጥሩ ነው፤ ስምንት መስመር የጀርመንኛ ግጥም ወደ አማርኛ ለመመለስ መከራከር የአንድ ወር የሰዋስው ትምህርት ያህል ያስተምራል። በተማሪዎች መካከል «ዱ»፣ ለመምህርና ለማያውቁት ሰው ደግሞ «ዚ» እንደሚባል አትርሱ፤ አንተና አንቺን ከእርስዎ ለሚለይ ሰው ይህ አይከብድም።

ለማዳመጥ ዶይቸ ቬለ በዝግታ የሚነበብ ዜና ከነጽሑፉ በነጻ ያቀርባል። የዚያኑ ቀን ዋና ዜና በዚያው ጣቢያ የአማርኛ ክፍል አስቀድመው ቢሰሙ ጉዳዩን ስለሚያውቁት ጆሮዎ ቃላቱን ብቻ ይፈልጋል። ከጀማሪው ደረጃ ከኤ1 እስከ ቢ1 የሚያደርስ ነጻ የቪዲዮ ትምህርትም እዚያው አለ።

አሁን ወደ ዕድሉ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ በቦን የሆነው የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ በምሕጻሩ ዳአድ፣ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሰጡ የሦስት ሳምንት ገደማ የክረምት የቋንቋና የባህል ትምህርቶች ለውጭ አገር ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። ለዚህ ቢያንስ ቢ1 ደረጃ መድረስና ትምህርቱ እስኪጀመር ሁለት የዩኒቨርሲቲ ዓመታትን ማጠናቀቅ ይጠይቃል። ማመልከቻው የሚገባው ከጉዞው ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ስለሆነና ቀኑም ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ በዳአድ ድረ ገጽ ላይ አገርዎን መርጠው አሁኑኑ ይመልከቱ። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚወስደው ለምን መሄድ እንደፈለጉ የሚገልጸው ደብዳቤ ነው። «የጀርመንን ባህል ለማወቅ» ብሎ የሚጽፍ አመልካች ብዙ ነው፤ «ሽታምቲሽ መሥርቼ ለአንድ ዓመት መርቻለሁ፣ በዚያም ይህን ጽሑፍ ተርጉመናል፣ እዚህ ላይ ተቸግረናል፣ ይህን ለመማር ይህን ትምህርት መርጫለሁ» ብሎ መጻፍ የሚችል ግን ጥቂት ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ሥራዎች ያስቀደምኩበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። በጀርመን በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት ብዙ እንደሆነ ተነግሮኛል። ታዲያ ለምን በጀርመንኛ ልድከም?

መልስ፦ የተነገርዎት እውነት ነው፤ በእንግሊዝኛ ተምሮ መመረቅ ይቻላል። ልዩነቱ የሚታየው ከትምህርት ክፍሉ ውጭ ባለው ሕይወት ነው። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ነገር ግን ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ክፍያ እየጀመሩ ስለሆነ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ለቪዛ የሚጠየቀው፣ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ብቻ የሚለቀቅበት የባንክ ሒሳብ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ ለዓመት 11,904 ዩሮ፣ ማለትም ለወር 992 ዩሮ እንዲኖረው ተወስኖ ነበር፤ መጠኑ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከኤምባሲው ያረጋግጡ። ይህ ገንዘብ ብዙ ተማሪ የማይበቃው በመሆኑ በትርፍ ጊዜ ይሠራል፤ ሕጉም በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ይፈቅዳል። ታዲያ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚገኝ የትርፍ ጊዜ ሥራ ጥቂት ነው። ከምረቃ በኋላም ሥራ ለመፈለግ እስከ 18 ወር የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ቋንቋውን ያልያዘ ሰው ከዚህ ጊዜ አብዛኛውን በመጀመሪያ ሊማረው ይገባ በነበረው ነገር ላይ ያጠፋዋል። ለምህንድስና ተማሪ የምመክረው ከመጓዙ በፊት ቢያንስ ቢ1ን ጨብጦ፣ እዚያ በሚያሳልፈው የመጀመሪያ ዓመት ወደ ቢ2 እንዲያልፍ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ስብሰባው በእንግሊዝኛ ቢካሄድም ከስብሰባው በኋላ ቡና ላይ የሚነገረው በጀርመንኛ ነው፤ ክፍት ሥራ መኖሩም ብዙ ጊዜ የሚሰማው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ፈተና ልፈተን? ጎተን፣ ቴስትዳፍን ወይስ ዴኤስሃን?

መልስ፦ እንደ ፍላጎትዎ ይለያያል። ለክረምት ትምህርትና ለሥራ ማመልከቻ የጎተ ምስክር ወረቀት ይበቃል። በጀርመንኛ የሚሰጥ ሙሉ የዲግሪ ትምህርት ለመግባት ከሆነ በብዛት የሚቀርበው ቴስትዳፍ ወይም ዴኤስሃ ነው፤ ቴስትዳፍ በብዙ አገሮች ሊወሰድ ሲችል ዴኤስሃ የሚሰጠው በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው በቴስትዳፍ በአራቱም ክፍሎች 4ኛው ደረጃ፣ በዴኤስሃ ደግሞ 2ኛው ደረጃ ነው። የጎተ የቢ1 ፈተና ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር በሚሉ አራት ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን በእያንዳንዱ ከ100 ነጥብ 60 ማግኘት ያስፈልጋል፤ በአንዱ ብቻ የወደቀ ሰው ያንኑ ብቻ ደግሞ መፈተን ይችላል። ስለዚህ መናገር የሚያስፈራዎት ከሆነ በዚያ ምክንያት ፈተናውን በሙሉ አያስተላልፉ። «ሳይማሩ ምስክር ወረቀት እናወጣለን» የሚሉ ደላሎችን ግን አጥብቀው ይራቁ፤ የምስክር ወረቀቱ ትክክለኛነት ሊጣራ የሚችል ሲሆን፣ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ጉዳቱ በቪዛ ማመልከቻዎ ላይ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ። ወደ ጀርመን የመሄድ ሐሳብም አቅምም የለኝም። ጀርመንኛ መማሬ ከንቱ ድካም ነው የሚሉኝ ጓደኞች አሉ።

መልስ፦ ለእርስዎ የሙያ መስክ ከማንም ይበልጥ ያስፈልጋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አውጉስት ዲልማን የግዕዝን ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1857፣ ፍራንጽ ፕሬቶሪዩስ የአማርኛን ሰዋስው በ1879 ያሳተሙት በጀርመንኛ ነው፤ በኤኖ ሊትማን መሪነት በ1906 አክሱምን ያጠናው የጀርመን ቡድንም ውጤቱን በ1913 በአራት ቅጽ ያወጣው በዚያው ቋንቋ ነው። ስለ እነዚህ ሥራዎች ሌሎች የጻፉትን ብቻ የሚያነብ ተመራማሪ በሌላ ሰው ዓይን ያያል። ወደኋላ ከሄድንም የጀርመኑ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ከኢትዮጵያዊው ሊቅ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ ከእርሳቸው ተማረ፤ አባ ጎርጎርዮስም በ1652 ወደ ጀርመኗ ከተማ ጎታ ተጋብዘው ሄዱ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ያሳተመው በዚያ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ነው። ዛሬ ታንደም የምንለውን ሁለቱ አስቀድመው ሠርተውታል።

ለማንበብ ብቻ የሚማር ሰው መንገዱ ከተናጋሪው ይለያል፤ የሰላምታና የገበያ ንግግር ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልገውም። በየሳምንቱ አንድ ገጽ ይምረጡ። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ግሱን ይፈልጉ፣ ከዚያ ባለቤቱን፣ ከዚያ የቀረውን። ረጃጅሞቹን ጥምር ቃላት ከኋላ ወደ ፊት ይፍቷቸው፤ «ሽፕራኽኩርስ» ሲያዩ መጨረሻው «ኩርስ» ዋናው ነገር ነው፣ የፊቱ «ሽፕራኽ» ምን ዓይነት ኮርስ እንደሆነ ይነግራል፤ «የቋንቋ ኮርስ» ብለን ገላጩን እንደምናስቀድመው ነው። የድሮዎቹ መጻሕፍት ፍራክቱር በተባለው የተሰባበረ የፊደል ቅርጽ ታትመው ሊያገኟቸው ይችላሉ፤ ሁለት ሳምንት ቢታገሡት ዓይንዎ ይለምደዋል። ጎተ ኢንስቲትዩት ኦንላየ የተባለ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት በብዙ አገሮች ለተመዘገቡ አንባቢዎች በነጻ ስለሚያቀርብ፣ ለዘመናዊው ጽሑፍ ከእርሱ ይጀምሩ፤ ወደ ዲልማን የሚሸጋገሩትም አንድ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ መዝገበ ቃላት አሥር ጊዜ ብቻ ገልጠው ማንበብ የቻሉ ዕለት ይሁን።