ከርዕሱ በፊት ከፋዩን ፈልጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። "ብሎግ ልጀምር ነው። ጤና፣ ኳስ ወይስ ምግብ ዝግጅት? የቱ ነው ገንዘብ ያለው? በአማርኛ ይሻላል በእንግሊዝኛ?" ነው ያልሽው። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ቀልድ "እኔ አካውንታንት ነኝ፣ ስለ ሥራዬ ብጽፍ ማን ያነባል" የምትል ነገር ጣል አድርገሻል። እሷን በኋላ አነሳታለሁ።

ብዙ ሰው "የምትወጂውን ጻፊ" ብሎሻል። ክፉ ምክር አይደለም። ግን የጠየቅሽው ስለ ገቢ ነው። ስለዚህ ርዕስ ከመምረጥሽ በፊት አንድ ነገር አስቢ፦ ይሄን የሚያነብ ሰው አንብቦ ሲጨርስ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል ወይ? ከሰደደስ ብሩን የሚቀበለው ማን ነው? ተቀባዩን ነጋዴ "እከሌ" ብለሽ መጥራት ካልቻልሽ አንባቢ ታገኛለሽ፣ ገቢ ግን አይኖርሽም።

ኳስን እንውሰድ። አንባቢው ጉድ ነው። ነገር ግን ውጤቱንም ዝውውሩንም የቴሌግራም ቻናሎች ቀድመውሽ ይለጥፉታል። እኔም ኳስ እጽፍ ነበር፤ ማስታወቂያ ይዘው የሚደውሉልኝ ቤቲንግ ቤቶች ብቻ ነበሩ። ተማሪዎች እንደሚያነቡኝ ስለማውቅ አልፈለግኩትም። ጤናን ሐኪም ካልሆንሽ ተዪው። ጉግል የሰውን ጤናና ገንዘብ የሚነኩ ጽሑፎችን ጠበቅ አድርጎ ነው የሚመዝናቸው፤ ደግሞ ሰው ትጎጃለሽ። ምግብ ዝግጅት በቪዲዮ ነው የሚያምረው፣ መጻፍ ከሆነ ፍላጎትሽ እለፊው።

አሁን የምጽፈው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለክል፣ አዲስ አበባ ባንዴ በቮልስዋገን አይዲ ፎርና በቻይናው ቢዋይዲ መኪኖች ተሞላች። አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪኑ ቻይንኛ፣ ማኑዋሉ ቻይንኛ፣ የቻርጅ መሰኪያው የቻይና። ሰውየው ሚሊዮኖች ከፍሎ የገዛውን መኪና ሜኑ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ይጠይቃል።

በደንብ የተነበበልኝ ጽሑፍ ስለ አዲስ ሞዴል የጻፍኩት አይደለም። "ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ኤሌክትሪክ መኪና ይሆነዋል ወይ?" የሚለው ነው። ውስጡ ያለው ተራ ሒሳብ ነው። ከተራ ሶኬት የሚሰካው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 2 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። የአይዲ ፎር ትልቁ ባትሪ ከ80 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ባዶውን ሰክተሽው ብታድሪ ጠዋት የምታገኚው ሩብ ገደማ ነው። የ7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር በ12 ሰዓት አካባቢ ይሞላዋል፣ ግን 32 አምፒር የሚችል መስመር ይፈልጋል። ታዲያ ያንቺ ቆጣሪ ይችላል? ኬብሉ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ፓርኪንግ በየት በኩል ይወርዳል? ኮሚቴውስ እሺ ይላል? ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው።

ያ ጽሑፍ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ቻርጀር የሚገጥም ኤሌክትሪሻን ደወለልኝ። ደንበኞቹ ጽሑፉን በስልካቸው እያሳዩት "ይሄ ለኔ ቤት ይሠራል?" ይሉታል። ስልኩን ከጽሑፉ ግርጌ አስገባሁለት፤ በወር ቁርጥ ያለ ብር ይከፍለኛል። ከሱ በኋላ መኪና አስመጪ መጣ፣ ቀጥሎ ያገለገለ መኪና ባትሪ የሚመረምር ጋራዥ። ከባነር ማስታወቂያ የማገኘው ከነዚህ ጋር ሲተያይ የሻይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፣ ዋጋ ዝርዝር ላይ ብቻ የቆመ ብሎግ አትክፈቺ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ዋጋ የያዙ ገጾች በሙሉ በአንድ ጊዜ አረጁ። ስለ ዲቪ፣ ማለትም ስለ አሜሪካ ቪዛ ሎተሪ፣ መጻፍም የራሱ ጣጣ አለው፤ የሚፈለገው ምዝገባው ሲከፈት ነው፣ ያውም የሌላ አገር መንግሥት ሲፈቅድ።

አሁን ወደ ቀልድሽ ልምጣ። ማን ያነባል? ነጋዴ ያነባል!

ሐምሌ 2017 የደሞዝ ግብር ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ያን ሰሞን የመሥሪያ ቤት ወሬ ሁሉ "እጄ ላይ ስንት ይደርሰኛል?" ነበር። አዋጁን እንዳለ የለጠፈው መዓት ነው። ሁለት ሦስት ደሞዝ ወስዶ፣ 7 በመቶ ጡረታውን ቀንሶ፣ መስመር በመስመር አስልቶ ያሳየ ግን ብዙ አላየሁም። አንቺ ይሄን በግማሽ ቀን ትጽፊዋለሽ።

ሆኖም ደሞዝተኛው አንብቦ አመስግኖ ይሄዳል፤ የሚገዛው የለም። ነጋዴውን ያዢ። ቫት መመዝገብ አለብኝ ወይ? ካሽ ሬጅስተሬ ተበላሸ፣ እስኪጠገን በምን ልሽጥ? ደረሰኝ የሌለው ወጪ ይያዝልኛል? ንግድ ፈቃዴን ልመልስ ነው፣ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለብህም የሚል ወረቀት) ለማግኘት ምን ላሟላ? እያንዳንዱ ጥያቄ ጀርባ ቅጣት ስላለ ሰው በወጉ ነው የሚያነበው። ከፋዮቹንም እይ፦ ካሽ ሬጅስተር የሚሸጡ፣ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ሥልጠና የሚሰጡ። ከሁሉም በላይ ግን ራስሽ ነሽ። "እህት፣ መዝገቤን አንቺው ያዢልኝ" ብሎ የሚደውል አንድ ባለ ሱቅ ከወር ሙሉ ክሊክ ይበልጣል። ወቅቱም የታወቀ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዓመታዊ ግብር እስከ ጥቅምት 30 ሰውን ያስጨንቃል፣ የቫት ሪፖርት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አለ።

ከመጀመርሽ በፊት የነጋዴዎች ቴሌግራም ግሩፕ ግቢ። ምንም አትለጥፊ፣ ጥያቄ ብቻ ልቀሚ። የማይተዋወቁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር ካለ እሱ ርዕስሽ ነው። መልሱን ጉግል ላይ በአማርኛ ፈልጊው፤ የሚመጣው ያረጀ ወይም የተድበሰበሰ ከሆነ እሰየው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ አገር ቤት ካለሽ በአማርኛ ጻፊ። በእንግሊዝኛ ስለ ሒሳብ አያያዝ የሚጽፈውን የዓለም ሕዝብ አትችይውም። አድሴንስ (ብሎግሽ ላይ ማስታወቂያ አስገብቶ የሚከፍልሽ የጉግል አገልግሎት) ላይ ተስፋ ካደረግሽ ግን የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ጉግል አውጥቶታልና ቀድመሽ እይው። የት እንደምትኖሪ ደግሞ አልጻፍሽም። አሜሪካ ከሆንሽ ስሌቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ላለ አንባቢ አስተዋዋቂ የሚከፍለው በጣም ይበልጣል። በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግል ለሚሠሩ በሚሰጠው የገቢ ቅጽ፣ የሚከፈላቸው የኡበርና የትራክ ሾፌሮች ታክስ በደረሰ ቁጥር "የቱን ወጪ ልቀንስ?" እያሉ ሲጠያየቁ አያለሁ። እዚያ ያለ አካውንታንት በአማርኛ ቢጽፍላቸው የማይደውል የለም።

አንድ ቴክኒካል ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ ነው ጉግል ላይ የሚፈልገው። ስለዚህ ርዕስሽን በፊደላችን ጽፈሽ፣ ሊንኩን በላቲን አድርጊው። የምትለቅሚያቸውን ጥያቄዎች እዚሁ ለጥፊያቸው፣ የትኛው ከፋይ እንዳለው አብረን እናያለን።